የፒካፔ ኋላ መቀመጥ እንዴት ተስተካከለ
ከደጀን ጤፍ ጭኜ የዓባይን በረሃ ስወርድ መሪው ቀለለኝ። ኋላዋ ተቀምጦ አፍንጫዋ ሽቅብ ቀና ብሏል። ፍሬኑ ግሎ ይሸታል። በጣም ፈራሁ፤ ረዳቴም አጠገቤ ነበር።

ጋራዥ ስትፈታ አንዱ ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ሞላ፣ ተሰብሮ ተገኘ። መካኒኩ "ተጨማሪ እንደርብበት ወንድሜ" አለኝ። እምቢ አልኩ። ባሌስትራው ቢጠነክር ፍሬኑም፣ አክስሉም፣ ጎማውም ያው ናቸው። የሁለቱንም ጎን በልኩ አስቀየርኩ፤ የፍሬን ሸራና ዘይትም ጭምር።

ዋናው ችግር ግን ጭነቱ ነበር። መኪናዋ የምትችለው 1,000 ኪሎ ነው፤ እኔና ረዳቴም እዚያው ውስጥ እንቆጠራለን። የጫንኩት 14 ኩንታል ነበር! አሁን ከ8 አላልፍም። ጭነቱን ወደ ጋቢናው አስጠጋለሁ፣ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ እወርዳለሁ። ፍሬኑ መሽተት አቁሟል።