ዓባይ በረሃን ከወንዙ ወደ ላይ ማንበብ

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር መንገደኛ በመስኮት የሚያየው ብዙውን ጊዜ ገደሉን፣ ዝንጀሮውንና ከፊቱ የሚያቃስተውን ተሳቢ ነው። ግድግዳው ላይ ግን ባሕር አለ፤ ቀስ እያለ የመጣ፣ እየደረቀ የተመለሰ፣ ዘመን ቆይቶ ለቆ የሄደ ባሕር። ድንጋዩን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ከአስፋልቱ ዳር ሳይርቅ በአንድ ቀን ያነበዋል።

የጂኦሎጂ ምሩቅ አይደለሁም። የሠራሁት በመንገድ ሥራ የቁሳቁስ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ይህ ድንጋይ ለኮረት ይሆናል? ይህ አፈር ውሃ ሲነካው ይንሸራተታል? እንጀራዬ ይኸው ጥያቄ ነበር። አብረውኝ የሠሩ ጂኦሎጂስቶች የንጣፎቹን ስምና ዕድሜ አስተማሩኝ፤ ጠባያቸውን ደግሞ በእጄ ለመድሁት። አሁን የማካፍላችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የሚገባው ከላይ ነው፤ ከላይ ያለው ድንጋይ ደግሞ የመጨረሻው፣ ከሁሉም ልጅ የሆነው ነው። ቁልቁል እየወረዱ ማንበብ ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መሄድ ስለሚሆን ነገሩ ይምታታል። ስለዚህ ስትወርዱ ዝም ብላችሁ ውረዱ። ንባቡን ከድልድዩ ጀምሩና በጎጃም በኩል ወደ ደጀን እየወጣችሁ ቀጥሉ። በዚህ አካሄድ የመንገዱና የዘመኑ አቅጣጫ አንድ ይሆናል።

ከመውረዳችሁ በፊት ግን ጠዋት ላይ ጎሃ ጽዮን አፋፍ ላይ ቆም በሉ። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ማዶ ያለውን የጎጃም ግድግዳ ፊት ለፊት ትመታዋለች። ግድግዳው አንድ ወጥ አይደለም፤ ገደል፣ ከዚያ ዘምበል ያለ ሸርተቴ፣ ከዚያ ደግሞ ገደል ነው። ገደል ሆኖ የቆመው ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ ዘምበል ብሎ ቁጥቋጦ የያዘው ለስላሳ ነው። ይህን ቅርጽ በወረቀት ላይ በእጃችሁ ንደፉት። ፎቶ አይተካውም፤ እጅ ሲስል ዓይን የቱ ላይ መስመር እንደሚሰበር ይፈልጋል፤ ያ መስመር የንጣፎች ድንበር ነው።

የሚያዝ ዕቃ ጥቂት ነው። ሱቅ የሚሸጠው አቸቶ በትንሽ ጠርሙስ፣ አንድ ምስማር፣ አጉሊ መነጽር፣ ከፍታ የሚያሳይ ስልክ፣ ብዙ ውሃ። አፋፉ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ወንዙ ደግሞ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ደጋ ለብሳችሁ የወጣችሁት ልብስ ታች ያቃጥላችኋል። መዶሻ አያስፈልግም። መንገዱ ሲቆረጥ የወጣ ትኩስ ስባሪ በየዳሩ ሞልቷል፤ ከዚያም በላይ ቅሪተ አካል በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ነው። ይታያል፣ ይነደፋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ባለበት ይቀመጣል።

ስለ መንገዱ አጥብቄ የምለው አለ። ጠመዝማዛ ላይ ፈጽሞ አትቁሙ። ከላይ የሚመጣ የጭነት መኪና ፍሬኑ ግሎ ሊሆን ይችላል። ሰፋ ያለ ቀጥታ ቦታ ምረጡ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ፣ አንድ ሰው መኪና ይጠብቅ። በክረምት አትሂዱ፤ ሸርተቴው ያኔ ይንቀሳቀሳል። ድልድዩ ጥበቃ ስላለው ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠባቂዎቹን ጠይቁ። የመንገዱንም ሰላም በዋዜማው አጣሩ።

ከወንዙ ዳር

ታች የምታገኙት አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ቦታ ቦታ ወደ ቢጫ የሚያደላ። ጣታችሁን አሹበት፤ ይሻክራል፣ ብናኙም አሸዋ ነው። በአጉሊ መነጽር ፍሬ ፍሬው ይለያል። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ግድግዳውን እዩ። በአግድም ከተነጠፉት መስመሮች መካከል ሰያፍ ሆነው የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ውሃ እየገፋ የደፋው አሸዋ እንዲህ ይደረደራል። ዛጎል ብትፈልጉ አታገኙም፤ ይህ ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት ወንዞች የተንሸራሸሩበት ሜዳ ነው።

ስሙ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው። ስሙን ያወጣው ዊሊያም ብላንፎርድ የተባለ ጂኦሎጂስት ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ ሲጓዝ አዲግራት ላይ አይቶት፣ ያየውን በ1870 አሳተመ። የገርዓልታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ አቡነ የማታ ጎህም ጭምር፣ የተፈለፈሉት በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ነው። ትግራይ ላይ የተነጠፈው ዓባይ ሥርም መገኘቱ ሜዳው ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ይነግራችኋል። ዕድሜው ከ250 እስከ 180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገመታል፤ ያኔ አፍሪካ፣ ማዳጋስካር፣ ሕንድና አረብያ ገና አንድ መሬት ነበሩ። ያ መሬት መሰንጠቅ ሲጀምር የእኛ በኩል ዝቅ አለ፤ ባሕሩም ዛሬ ኦጋዴን ከምንለው ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ገባ።

ሸርተቴው

ከአሸዋ ድንጋዩ ገደል በላይ ግድግዳው ዘምበል ይላል። መንገዱም እዚህ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፣ ይታደሳል፣ ተመልሶ ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው ቶሎ ሊያልፈው የሚፈልገው ይህ ክፍል ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ገጽ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ አውሉ።

የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን (በአንድ ስም የሚጠሩ ንጣፎች ስብስብ) ይሉታል፤ ውፍረቱ 450 ሜትር ያህል ነው። አረንጓዴማ፣ ግራጫ፣ ቀላ ያለ የጭቃ ድንጋይ ይደራረባል፤ በመሃል በመሃሉ ነጭ ንጣፍ ይገባል። ነጩን በጥፍራችሁ ጫሩት። ከተጫረ ጄሶ ነው። አቸቶ ብታንጠባጥቡበት አይፈላም። ከነጩ አጠገብ ጥፍር የማይጭረው፣ አቸቶም ሲነካው እምብዛም የማይንቀሳቀስ ደረቅ ድንጋይ ካለ ዶሎማይት፣ ማግኒዥየም ያለበት የኖራ ድንጋይ ዘመድ፣ መሆኑን ጠርጥሩ፤ በምስማር ፍቃችሁ ዱቄቱ ላይ ስታንጠባጥቡ ቀስ ብሎ ይፈላል።

ጄሶ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ይህን ክፍል ይከፍተዋል። የባሕር ውሃ ጥልቀት በሌለው ወሽመጥ ውስጥ ገብቶ ፀሐይ ስታተነው፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ካለቀ በኋላ ጄሶው ወለሉ ላይ መዝቀጥ ይጀምራል። የምግብ ጨው የሚዘቅጠው ገና ከዚያ በኋላ፣ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ሲተን ነው። ስለዚህ አንድ ነጭ ንጣፍ ባያችሁ ቁጥር እንዲህ አንብቡት፦ ባሕሩ ገባ፣ ተቋረጠ፣ ተነነ። ከላዩ የጭቃ ድንጋይ ካለ ውሃና ደለል ተመልሰው መጡ ማለት ነው። ቀጥሎ እንደገና ነጭ ካለ እንደገና ተነነ። በአንድ የመንገድ ቆረጣ ላይ ነጮቹን ከታች ወደ ላይ ቁጠሩ፤ በደብተራችሁም በቅደም ተከተል ጻፉ።

ሽማግሌዎችም ሾፌሮችም ደጋግመው የጠየቁኝ ጥያቄ አለ፦ ይህ የጥፋት ውሃ አይደለም ወይ? የማንንም እምነት ለመንካት አልናገርም፤ ጥያቄው ግን መልስ ይገባዋል። አንድ ታላቅ ጎርፍ ጭቃና አሸዋ ያግዛል፣ ጄሶ ግን አይነጥፍም። ጄሶ መድረቅን ይፈልጋል፤ እዚህ ያለው ድርብርብ ደግሞ መድረቁ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ቆሞ ይመሰክራል። 450 ሜትር ውፍረትም 450 ሜትር ጥልቀት አይደለም። ውሃው ሁልጊዜ ጥልቀት የሌለው ነበር፤ ወለሉ ግን በሚሊዮን ዓመታት ቀስ እያለ ይሰጥም ነበር፣ ደለሉም እየተከተለ ሞላው።

ሌላም የሚምታታ አለ። አሞሌ የሚቆረጥበት የደንከል ጨው ከዚህ ባሕር አይደለም። እሱ ከቀይ ባሕር የገባ፣ ለምድር ዕድሜ የትናንት የሚባል ውሃ የተወው ነው፤ በዳርቻው ያሉት የኮራል እርከኖች 120 ሺህ ዓመት ገደማ ናቸው።

በላብራቶሪ ዓይን ስናገር ደግሞ መንገዱ እዚህ የሚሰበርበት ምክንያት ይኸው ባሕር ነው። የጭቃ ድንጋዩ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይላላል፤ ጄሶው በውሃ እየሟሟ ባዶ ይተዋል። ከላይ የተጫነው ከባድ ገደል መቆሚያ ያጣና ይወርዳል። የተሰነጠቀ አስፋልት ስታዩ ዓይናችሁን ወደ ቆረጣው አዙሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ሥር ወይ ጭቃ ድንጋይ ወይ ጄሶ ታገኛላችሁ።

ነጣ ያለው ገደል

ከሸርተቴው በላይ መንገዱ ነጣ ወዳለ፣ ቢጫማ ገደል ይገባል። አዲስ የተሰበረ ፊት ፈልጉ፣ በምስማር ፋቅ አድርጉ፣ ዱቄቱ ላይ አቸቶ አንጠባጥቡ። የሱቅ አቸቶ ደካማ ስለሆነ በአጉሊ መነጽር ቀርባችሁ እዩ፤ ጥቃቅን አረፋ ከተነሣ ኖራ ድንጋይ ነው። ይህ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ነው፤ ስሙ ከመቀሌ ደቡብ ካለችው ሕንጣሎ የመጣ፣ ያወጣውም ያው ብላንፎርድ ነው። ዕድሜው ከ165 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ባሕሩ ወሽመጥ መሆኑ ቀርቶ አገሩን የሸፈነው አሁን ነው።

ከታችኛው ክፍል ዛጎል ባትፈልጉ ይሻላል። እዚያ የሚታየው በድንጋዩ ውስጥ የተጠማዘዘ፣ ቀለሙ የተለየ ቱቦ ነው፤ ጸጥ ባለ ውሃ ሥር ጭቃውን እየቆፈሩ የኖሩ እንስሳት መተላለፊያ። መሃለኛው ክፍል ላይ ስትደርሱ፣ በተለይ ለስለስ ያለው ንጣፍ በዝናብ በታጠበበት፣ ዛጎሉ ይበዛል። ቀንድ አውጣ፣ ኮራል፣ የባሕር ጃርት፣ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ታገኛላችሁ። ከባለ ሁለት ክዳኖቹ ሁለት ዓይነት ለዩ። አንዱን ክዳን ብቻ ከመሃል ብትከፍሉት ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ብራኪዮፖድ የሚባል የባሕር እንስሳ ነው፤ ግራና ቀኙ ተለያይቶ ሁለቱ ክዳኖች ግን አንዱ የሌላው መልክ ከሆኑ የዛሬዎቹ የባሕር ዛጎሎች ዘመድ ነው። ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። ቀንድ አውጣ ሐይቅም ውስጥ ይኖራል፤ ብራኪዮፖድ፣ ኮራልና የባሕር ጃርት ግን ከባሕር ውጭ አይኖሩም። እነዚህን ካያችሁ «ባሕር ሳይሆን ሐይቅ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ተዘጋ። ኮራል መኖሩ ደግሞ ውሃው ሞቃት እንደነበርና ብርሃን እስከ ወለሉ ይደርስ እንደነበር ያሳያል።

ወደ ገደሉ ጫፍ ስትጠጉ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የጎመን ዘር የሚያካክል ድቡልቡል ፍሬ የሞላበት ድንጋይ ፈልጉ። ማዕበል ጥልቀት በሌለው ውሃ ሲያንከባልላቸው ኖራ እየለበሱ ያደጉ ናቸው። ከታች ጸጥ ያለ ጭቃ፣ ከላይ ማዕበል፤ ባሕሩ እየሳሳ ነው።

እዚህ ላይ ስልካችሁን አውጡና ከፍታውን አንብቡ፤ 2,000 ሜትር ገደማ ይላችኋል። ብዙ ሰው ባሕሩ እስከዚህ ድረስ ወጥቶ ነበር ብሎ ያስባል። አልወጣም። ባሕሩ ሲመጣ ከፍታው ገና አልነበረም፤ አገሩ ዝቅተኛ ሜዳ ነበር። የወጣው መሬቱ ነው፤ የባሕሩን ወለል ተሸክሞ።

ከባሕሩ በኋላ

ባሕሩ በመጣበት በደቡብ ምሥራቅ በኩል ሲመለስ ወንዞች ተከተሉት፤ ጭቃና አሸዋ ጫኑበት። ይህን ገጽ በደንብ ለማየት ከዚህ መንገድ ይልቅ ወደ ሙገርና ወደ ጀማ ሸለቆ መሄድ ይሻላል። የሙገር ጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቷል፤ መሬቱ ደርቆ የየብስ እንስሳ እንደረገጠው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልሻም።

ደጀን አፋፍ ላይ ጥቁሩ ባዛልት ይጠብቃችኋል። ከባድ ነው፣ አቸቶ አያፈላውም፣ ቦታ ቦታ እንደ ዓምድ ቆሟል። 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ አብዛኛው በአንድ ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ውስጥ ፈስሶ ያለቀ እሳተ ገሞራ ነው። ጮቄና ጉና የኋላ እሳተ ገሞራዎች ናቸው፤ በዚህ ላይ ተቀምጠዋል። ከባዛልቱ ሥር ያለውን ድንበር ፈልጉና እጃችሁን አኑሩበት። ከእጃችሁ በታችና በላይ ባሉት ድንጋዮች መካከል ብዙ አሥር ሚሊዮን ዓመታት ምንም ድንጋይ ሳይተዉ አልፈዋል። መሬቱ ከፍ ያለው ከእሳተ ገሞራው ጋርና ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከፍ ሲል ዓባይ ቆረጠው፣ እኛም ግድግዳውን አገኘን።

ይህን ከጨረሳችሁ ለቀጣዩ ጉዞ ምርጫ ላቅርብ። ቀን ያጠራችሁ ደብረ ሊባኖስ አፋፍ ሂዱ፤ ከባዛልቱ ሥር ያለውን፣ በገዳሙ ስም የተጠራውን የላይኛውን አሸዋ ድንጋይ ቁልቁል ታያላችሁ። ቀን ያላችሁ ባሌ ሂዱ፤ የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ የፈለፈለው የሶፍ ዑመር ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ በባሕሩ ንጣፍ ውስጥ ትሄዳላችሁ። መብራት ሁለት ያዙ፣ የአካባቢውን ሰው አስመሩ፣ ወንዙ ሲሞላ አትግቡ።