በዕዳ ተፈርዶብዎታል? አዳማ ላይ ከመጥሪያው እስከ አፈጻጸሙ

አዳማ ያሉት የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ መጥሪያውም በቁቤ (በላቲን ፊደል) ተጽፎ ይመጣል። አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ወረቀቱን ቡፌ ላይ ያስቀምጠውና ቀጠሮው ያልፋል። እጅዎ በገባበት ቀን ያስነብቡት። የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቀጠሮውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወረቀቱ ለክሱ መልስ እንዲሰጡ የሚጠራ ነው ወይስ ለአፈጻጸም (የተፈረደውን በግድ ለማስከፈል) የሚለውን ይለዩ። አፈጻጸም ከሆነ ፍርዱ አልቋል ማለት ነው፤ ያኔ መከራከሪያውም ይለወጣል።

ወዲያው መዝገብ ቤት ሄደው የፍርዱን ግልባጭ ያውጡ። “ተከሳሽ ባለመቅረቡ በሌለበት” የሚል ካገኙበት ወደ ይግባኝ አይሩጡ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 78 መሠረት ፍርዱን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት “ፍርዱ ይነሳልኝ” ብለው ማመልከት ይችላሉ። ጊዜው ፍርዱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ነው። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ “አላወቅሁም ነበር” ይባላል፣ መቼ እንደታወቀ ግን አይጻፍም። ቀኑን ይጻፉ፤ እንዴት እንዳወቁም ይጨምሩ፤ ለምሳሌ የአፈጻጸም መጥሪያ የደረሰዎት ቀን ከሆነ መጥሪያውን አያይዙ።

ምክንያት ሆኖ የሚቀርበው ከሁለት አንዱ ነው፦ መጥሪያው በአግባቡ አልደረሰም፣ ወይም እንዳይቀርቡ ያደረገ በቂ እክል ነበር። ለመጀመሪያው መዝገቡን አስከፍተው መጥሪያው መድረሱን በሚገልጸው ወረቀት ላይ ማን እንደፈረመ ይዩ። በዚያ ቀን ሌላ ሰፈር ይኖሩ ከነበረ የኪራይ ውልና የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልግዎታል። ለሁለተኛው የሐኪም ማስረጃ ካለዎት ቀኑ ከቀጠሮው ጋር መግጠም አለበት። ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሲያነሳ ኪሳራ እንዲከፍሉ ሊያዝዝ ይችላል፤ ገንዘብ ይዘው ይሂዱ።

መዝገቡ እንደገና ከተከፈተ መልስዎ ላይ ሦስት ነገር አይርሱ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ተበዳሪው ራሱ በማመኑ ወይም በመሐላ ካልሆነ በምስክር ብቻ አይረጋገጥም (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472)። በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ የአራጣ ውል ሲመጣ ይህ ትልቅ መከላከያ ነው። ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) በመደበኛው 10 ዓመት ሲሆን ዳኛው በራሱ አያነሳልዎትም፤ ካልጠየቁት ያልፋል።

ቀርበው ተከራክረው የተፈረደብዎ ከሆነ ይግባኙ 60 ቀን ነው። ይግባኝ ማለት ብቻውን ግን አፈጻጸሙን አያቆምም። “አፈጻጸሙ ይታገድልኝ” የሚል የተለየ ጥያቄ ያቅርቡ፤ ዋስትና ሊጠየቁ ይችላሉ።

አሁን ወደ ንብረቱ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 404 ሊያዝና ሊሸጥ የማይችለውን ይዘረዝራል፦ የግድ የሚያስፈልግ ልብስ፣ ማብሰያ፣ አልጋና የአልጋ ልብስ፣ የሙያ መሣሪያ፣ ለገበሬ የእርሻ ዕቃና አስፈላጊ ከብት፣ ጡረታና ቀለብ። ቴሌቪዥን እዚህ ውስጥ የለም፤ የልብስ ሰፊ ሲንጀር ግን ሳሎን ውስጥ ቢቀመጥም የሙያ መሣሪያ ነው። ባጃጅ ላይ ክርክሩ ይከራል። ባለቤቷ ራሱ እየነዳ የሚተዳደርባት ከሆነ የሥራ መሣሪያዬ ነው ቢል አቋሙ ጠንካራ ነው፤ ሾፌር ቀጥሮ ገቢ የሚቀበልባት ከሆነ ግን ይደክማል። በመያዣ የተሰጠች ከሆነች ደግሞ በዚህ ክርክር ላይ ብዙ ተስፋ አይጣሉ።

ከደመወዝ ሁለት ሦስተኛው አይነካም። ወር ደመወዝዎ 9,000 ብር ከሆነ ሊያዝ የሚችለው 3,000 ነው። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንድ ጊዜ የሚደረግ ተቀናሽ በጠቅላላ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ሌላ ተቀናሽ ካለብዎት የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን ይዘው ይቅረቡ። ችግሩ የሚመጣው ደመወዝ የሚገባበት ሒሳብ ሙሉ ለሙሉ ሲታገድ ነው፤ ባንኩ የትኛው ብር ደመወዝ እንደሆነ አይለይም። የሦስት ወር ስቴትመንትና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አያይዘው ዕግዱ በከፊል እንዲነሳና ተቀናሹ በአሠሪው በኩል እንዲሆን ይጠይቁ።

የአፈጻጸም ሠራተኛ ቤት መጥቶ ንብረት ሲመዘግብ አይጣሉ፤ ዝርዝሩን እያንዳንዱን መስመር አንብበው ብቻ ይፈርሙ። የእርስዎ ያልሆነ ዕቃ ካለ እዚያው “የእገሌ ነው” ተብሎ እንዲጻፍ ያድርጉ። የዕቃው ባለቤት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 418 መቃወሚያውን ደረሰኝ ወይም ሊብሬ ይዞ ሐራጁ ከመውጣቱ በፊት ያቅርብ፤ ከተሸጠ በኋላ ነገሩ ይከብዳል።

ባንክ ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በመያዣ የያዘውን ንብረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። እነዚያ 30 ቀናት የድርድር ጊዜ ናቸው።

በጥቂት በጥቂቱ መክፈል የሚችሉ ከሆነ በአፈጻጸም ቀጠሮው ላይ በወር ስንት እንደሚከፍሉ ከገቢ ማስረጃ ጋር ያቅርቡ፤ “እከፍላለሁ” ብቻ ማለት ዳኛን አያረካም። አቅም እያለው አልከፍልም የሚል ባለዕዳ ሊታሰር ስለሚችል፣ ከሌለዎት እንደሌለዎት በሰነድ ያሳዩ። ለፍርድ ባለመብቱ (ለተፈረደለት ሰው) በእጅ የሰጡት ብር መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ሁለተኛ ሊጠየቁበት ይችላሉ። በባንክ ያስገቡ፣ ማስተላለፊያው ላይ የመዝገብ ቁጥሩን ይጻፉ፣ ደረሰኙንም በሚቀጥለው ቀጠሮ ለችሎቱ ያስገቡ።