ጓንት ሲያሳክክ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ጅማ ውስጥ በጤና ተቋም፣ በላብራቶሪ ወይም በውበት ሳሎን የምትሠሩ ሰዎች፣ እጃችሁን ሲያሳክካችሁ መጀመሪያ ሰዓቱን ያዙ። ጓንቱን ካጠለቃችሁ ምን ያህል ቆይቶ ጀመረ? ከሽፍታው መልክ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ይሄ ነው።

እጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያቃጥላል
ብዙውን ጊዜ አለርጂ አይደለም። ቆዳውን የጎዳው ላብ፣ ሳሙናና ሳይደርቅ ጓንት ውስጥ የገባ እጅ ነው። በደንብ አድርቁ። ቫዝሊን ከሥራ በኋላ ይሁን፤ ቅባትነቱ ላቴክሱን (ጓንቱ የተሠራበትን የተፈጥሮ ጎማ) ያሳሳዋል።

በማግስቱ ወይም በ2ኛው ቀን ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ይወጣል
ጎማው ሲመረት የሚጨመሩ ኬሚካሎች ናቸው፤ ለምሳሌ ቲዩራም። አንዳንድ የናይትራይል (የሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንቶችም ተመሳሳይ ኬሚካል አላቸው። ስለዚህ ጓንት መቀየሩ ካልረዳ የቆዳ ሐኪም ይየው።

በደቂቃዎች ውስጥ ያሳክካል፣ ያብጣል፣ ያስነጥሳል
ዋናው የላቴክስ አለርጂ ይህ ነው። የጎማ ዛፍ ወተት ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን ሰውነት እንደ ጠላት ይቆጥራቸዋል። ባለሙያዎች ሄቭ ቢ ብለው በቁጥር ለይተዋቸዋል፤ ጤና ባለሙያዎችን በብዛት የሚያስቸግሩት 5ኛውና 6ኛው ናቸው።

ዱቄት ያለው ጓንት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ፕሮቲኑ ዱቄቱ ላይ ተጣብቆ ከአየር ጋር ይበተናል፤ ጓንት ያላጠለቀው ሰው ሳይቀር ይተነፍሰዋል። አሜሪካ ይህን ጓንት በ2017 እ.ኤ.አ. ከሕክምና አገልግሎት ያገደችው ያለምክንያት አይደለም። እናንተ ናይትራይል አጥልቁ። አብረዋችሁ የሚሠሩትም ቢያንስ ዱቄት የሌለውን ይጠቀሙ። እባካችሁ፣ ይህን አለቃችሁን ለመጠየቅ አትፈሩ።

አቮካዶና ሙዝ እንደ ልብ በሚገኝበት ጅማ ይህንንም ልብ በሉ፦ ሁለቱም ከላቴክሱ ጋር የሚመሳሰል ፕሮቲን አላቸው። ስትበሉ አፋችሁን የሚበላችሁ ከሆነ ተዉትና ለሐኪም ንገሩ። ምንም ካልተሰማችሁ ግን ብሉ፤ በፍርሃት መተው አያስፈልግም።

ትንፋሽ ያጥራል፣ ፊት ያብጣል፣ ራስ ያዞራል
ይህ ለነገ አይባልም። ቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። መድኃኒቱ ጭን ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ የአለርጂ ክኒን ብቻውን አያድንም።

አለርጂው ከተረጋገጠ ከቀዶ ጥገና፣ ከጥርስ ሕክምናና ከወሊድ በፊት ተናገሩ፤ ለሽንት የሚገጠመው ቱቦም ላቴክስ ሊሆን ይችላል። የልጆች መጫወቻ ፊኛና አብዛኛው ኮንዶምም እንደዚያው። የሕክምና ካርዳችሁ ላይ በቀይ አስጽፉት።