ከአንድ ድስት የሽንኩርት ልጣጭ አራት ዓይነት ቀለም እንዴት ይገኛል?

ሱፍን በዕፅዋት ቀለም የሚነክር ሰው አዲስ ቀለም ባማረው ቁጥር አዲስ ተክል ፍለጋ ይወጣል። ሆኖም ያው አንድ ተክል፣ ቀለሙን ከሱፉ ጋር የሚያስተሳስረው ጨው በተለወጠ ቁጥር ሌላ መልክ ይሰጣል፤ ይህ ጨው ሞርዳንት ወይም ቀለም ማስያዣ ይባላል።

እያንዳንዳቸው 25 ግራም የሚመዝኑ አራት የነጭ ሱፍ ክር ጥቅሎችን ላላ አድርገው ይሰሩ። ቅባት ያለበት ሱፍ ዥጉርጉር ሆኖ ስለሚወጣ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በደንብ ይጠቡት። አንዱን ጥቅል ለማነጻጸሪያ ያለማስያዣ ይተዉት።

ለቀሩት ሦስቱ 9 ግራም አሉም (ነጭ የማስያዣ ጨው) እና 4.5 ግራም ክሪም ኦፍ ታርታር (ለመጋገሪያም የሚያገለግል ኮምጣጣ ነጭ ዱቄት) በሙቅ ውሃ አሟሙተው፣ ክሩ እንደልብ የሚንሳፈፍበት ውሃ ባለው ድስት ውስጥ ይጨምሩ። እርጥቡን ሱፍ አስገብተው እሳቱን ቀስ በቀስ እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያድርሱ፤ በዚያው ሙቀት አንድ ሰዓት አቆይተው እዚያው ውስጥ ይቀዝቅዝ። እዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል፤ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥና ማማሰል ሱፉን እርስ በርሱ አጣብቆ ያጠነክረዋል።

100 ግራም ደረቅ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ለአንድ ሰዓት ቀቅለው ውሃውን ያጥልሉ። አራቱንም ጥቅሎች አስገብተው በ80 ዲግሪ ገደማ 45 ደቂቃ ያቆዩ። ልጣጩ የራሱ ታኒን፣ ማለትም ቀለም እንዲይዝ የሚረዳ የተክል ንጥረ ነገር፣ ስላለው ያለማስያዣ የቀረው ጥቅል እንኳ ቡናማ ብርቱካን ይይዛል፤ አሉም የነካቸው ግን ወርቃማ ይሆናሉ።

ከወርቃማዎቹ አንዱን እንዳለ ያስቀምጡት። ለሁለተኛው ግማሽ ግራም የብረት ሰልፌት በሌላ ድስት ሙቅ ውሃ አሟሙተው ይንከሩት። ወርቁ ዓይን እያየ ይደበዝዛል፣ ከዚያም ወደ ወይራ አረንጓዴ ይዞራል። የወደዱት ቀለም ላይ ሲደርስ ወዲያው ያውጡት፤ የበዛ ብረት ሱፉን አሻክሮ ከጊዜ በኋላ ይበጣጥሰዋልና። ሦስተኛውን በዚያው መጠን በመዳብ ሰልፌት ቢነክሩት አረንጓዴ ያዘለ ቡናማ ያገኛሉ። መዳብ በውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት መርዝ ስለሆነ ትራፊውን ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ቦይ አይድፉት።

የክሮም ጨው ደማቅ ቀለም ቢሰጥም ካንሰር አምጪ ነውና በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይጠቀሙበት። ለሌሎቹም ጓንት ያድርጉ፣ ዱቄቱ ወደ አፍንጫ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ የማቅለሚያውን ድስት ከምግብ ዕቃ ለይተው ያስቀምጡ። በመጨረሻም ጥቅሎቹን ለየብቻ አለቅልቀው በጥላ ሥር ያድርቁ፤ ከእያንዳንዳቸው ጫፍ ላይም የማስያዣውን ዓይነትና መጠን የጻፉበትን ወረቀት ይሰሩ።