በእጅ በሚሣል አኒሜሽን ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ሥዕል የሚወዱ ወጣቶች አጭር አኒሜሽን በእጃቸው ለመሥራት ሲነሡ ከሁሉ በፊት የሚጨነቁት ለሥዕሉ ማማር ነው። አብሬያቸው ስሠራ እንዳየሁት ግን ፊልሙን የሚያበላሹት ስህተቶች በአብዛኛው የሚፈጠሩት በአንዱ ወረቀትና በሚቀጥለው ወረቀት መካከል ነው።

አንደኛው ስህተት ድምፁን ሳይቀርጹ መሣል ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ያሳያል፤ አንድ ሥዕል ብዙውን ጊዜ ለሁለት ፍሬም ስለሚቆይ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃል። በማሲንቆ የተመታ የባቲ ዜማ አስቀድሞ ተቀርጾ እያንዳንዱ ምት የሚወድቅበት ፍሬም በሠንጠረዥ ከተጻፈ፣ ሠዓሊው የጨፋሪው ትከሻ መቼ እንደሚነሣ ያውቃል። እስክስታን የመሰለ ፈጣን እንቅስቃሴ ግን በ12 ሥዕል የተቆራረጠ ስለሚመስል ለዚያ ክፍል 24ቱንም መሣል ያስፈልጋል፤ አድካሚ ነው፣ አቋራጭም አላገኘሁለትም።

ወረቀቶችን በዓይን ግምት መደራረብም ሌላው ጥፋት ነው። በስቱዲዮዎች ወረቀቱ ተበስቶ ጠረጴዛው ላይ በተተከሉ ጉጦች ይያዛል። እኛ በቢሮ የወረቀት መብሻና በሁለት የእንጨት ጉጦች ተክተነዋል፤ ዋናው ነገር ሁሉም ወረቀት በአንድ ልክ መበሳቱ ነው። ይህ ካልተጠበቀ ዝም ብሎ የቆመ ሰው እንኳ ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

ጀማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚፈትናቸው ከመጀመሪያው ወረቀት ተነሥቶ በተራ እየሣሉ መሄድ ነው። እንዲህ ሲሠራ የገጸ ባሕርይዋ ጭንቅላት በ30ኛው ሥዕል ላይ ሳይታወቅ አድጎ ይገኛል። ቡና የምትቀዳን ሴት ለመሣል በቅድሚያ ቁልፍ ሥዕሎቹ ይሠራሉ፦ ጀበናው ማቶቱ ላይ እንዳለ፣ ከፍ ሲል፣ ዘንበል ብሎ ቡናው እንደ ክር ቀጥኖ ሲወርድ፣ በመጨረሻም ቀና ሲል። ከዚያ በእነዚህ መካከል የሚገቡት ማያያዣ ሥዕሎች ይከተላሉ። እዚህ ላይ ደግሞ ሁሉንም በእኩል ርቀት የማስቀመጥ ፈተና አለ፤ ርቀቱ እኩል ሲሆን ጀበናው ክብደት የሌለው ይመስላል። የሞላ ጀበና ሲነሣ ቀስ ስለሚል ሥዕሎቹ መነሻው ላይ ይቀራረባሉ፣ መሃል ላይ ይራራቃሉ፣ መድረሻው አጠገብ እንደገና ይቀራረባሉ። የእጇም ጉዞ ቀጥ ያለ መሥመር ሳይሆን ቅስት ነው፤ ክንዷ ከቆመ በኋላም የቀሚሷ እጅጌ ለሁለት ሦስት ሥዕል ያህል ይከተላል።

ሳያዩ በልማድ መሣልም አለ። የባቲን የሰኞ ገበያ ሊሥል የተነሣ አንድ ወጣት ግመሉን እንደ ፈረስ አስኪዶት ነበር፤ ግመል ግን በአንድ ጎን ያሉትን የፊትና የኋላ እግሮቹን ከሞላ ጎደል አንድ ላይ ስለሚያነሣ ሰውነቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ገበያው ሩቅ ስላልሆነ ሄዶ ማየት ይቻል ነበር።

የእርሳሱን ሥዕል በስልክ ካሜራ ቀርጾ ሳይሞክሩ ወደ ቀለም መግባትም አይገባም።

በቀለም በኩል አሜሪካዊው ኧርል ኸርድ እ.ኤ.አ. በ1914 የፈጠራ መብት የጠየቀበት፣ ገጸ ባሕርያትን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ የፕላስቲክ ገጽ (ሴሉሎይድ) ላይ የመሣልና በዳራው ላይ የመደረብ ዘዴ ዳራውን ደጋግሞ ከመሣል ገላግሏል። መሥመሩ በፊት ለፊት፣ ቀለሙ ግን በጀርባ በኩል ይቀባል፤ በፊት በኩል የቀባ ሰው መሥመሩን ይሸፍነዋል፣ የብሩሹም ዱካ ይታይበታል። እያንዳንዱ የሴሉሎይድ ገጽ ከሥሩ ያለውን ቀለም በጥቂቱ ስለሚያደበዝዝ፣ በአንድ ትዕይንት መሃል የገጾቹ ቁጥር ሲቀንስ ዳራው በድንገት ይፈካል፤ ስለዚህ በጎደለው ምትክ ባዶ ገጽ ይገባል።

የመጨረሻውን ስህተት የሠራሁት ራሴ ነኝ። ሥዕሎቹን በመስኮት ብርሃን አንድ በአንድ ሳነሣ ከጦሳ ተራራ በኩል ጉም መጥቶ ሄደ፤ እኔ ልብ አላልኩትም፣ ፊልሙ ግን ሲታይ እንደ ኩራዝ ብልጭ ድርግም ይላል። ከዚያ ወዲህ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት አምፖል በእኩል ርቀት እናደርጋለን። መብራት ሲጠፋ ቀረጻው ይቆማል እንጂ ብርድ ልብሱ አይነሣም።