የቤት ሥራ ስምምነት እንዴት ይዘጋጃል? ለመምህር፣ ለወላጅና ለተማሪ

መምህሩ የሰጠው የቤት ሥራ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል ብሎ ያምናል። ወላጅ ልጁ አጠገብ ተቀምጦ ሁሉም መልስ ትክክል እስኪሆን ድረስ ማረም ግዴታው እንደሆነ ያምናል። ተማሪው ደግሞ ዋናው ነገር ጠዋት ደብተሩ ሲገለጥ ባዶ ሆኖ አለመገኘቱ ነው ብሎ ያምናል። ሦስቱም ቅን ናቸው። ነገር ግን አንዱ ከሌላው ምን እንደሚጠብቅ ተቀምጠው አልተነጋገሩም፤ ቅሬታውም፣ ለቅሶውም፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ የሚነሣው ክርክርም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ከዚህ በታች የምገልጸው እነዚህን ሦስት ወገኖች የሚያስማማ የአንድ ገጽ ሰነድ አዘገጃጀት ነው። በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ያሉ ሰነዶች ሲረቀቁም፣ በርእሰ መምህር መሳቢያ ውስጥ ተረስተው ሲቀሩም አይቻለሁ። ስለዚህ ቀላሉን ቶሎ አልፌ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሰናከሉበት ቦታ ላይ እቆያለሁ።

1. ከማርቀቅ በፊት ሰዓት መዝግቡ

ከእያንዳንዱ የክፍል ደረጃ ጥቂት ተማሪዎችን መርጣችሁ ለአንድ ሳምንት የቤት ሥራ የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ሰዓት እንዲጽፉ አድርጉ። ትንንሾቹን ወላጅ ያግዛቸው። በዚያው ሳምንት መምህራን ሥራውን በሰጡ ቁጥር “ይህን ያህል ደቂቃ ይወስዳል” ብለው የገመቱትን ይመዝግቡ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ሲገኝ መምህራንን ለመውቀስ አትቸኩሉ። መምህር ግምቱን የሚወስደው ከራሱ ፍጥነት ወይም በክፍሉ ውስጥ እጁን ቀድሞ ከሚያወጣው ተማሪ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የሂሳብ መምህሩ የሳይንስ መምህሯ በዚያ ቀን ምን እንዳዘዘች አለማወቁ ነው። እያንዳንዳቸው የሰጡት ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ዘንድ የሚደርሰው ግን ተደምሮ ነው። በመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ማን በየትኛው ቀን ምን እንደሰጠ የሚጻፍበት አንድ ትልቅ ወረቀት ይህን ችግር ከማንኛውም የኮምፒውተር ፕሮግራም በተሻለ ይፈታል።

መጠይቅ መበተኑን ግን አልመክርም። ሰው በመጠይቅ ላይ የሚጽፈው ምሬቱን ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ ደቂቃውን ነው።

2. የጊዜ ጣሪያ ወስኑ

በሰፊው የሚታወቀው መነሻ የአሥር ደቂቃ ሕግ ይባላል፦ በክፍል ደረጃው ቁጥር ልክ አሥር አሥር ደቂቃ። ለ1ኛ ክፍል 10፣ ለ4ኛ ክፍል 40፣ ለ6ኛ ክፍል 60 ደቂቃ በአንድ ምሽት፣ የሁሉም ትምህርት ዓይነቶች ድምር ሆኖ። የዱክ ዩኒቨርሲቲው ሃሪስ ኩፐር የሚደግፈው ይህ መመዘኛ በአሜሪካ ብሔራዊው የወላጆችና የመምህራን ማኅበርም ተቀባይነት አግኝቷል። ኩፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት የጥናቶች ግምገማ በቤት ሥራና በውጤት መካከል ያለው ዝምድና ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ጠንካራ፣ በታችኞቹ ክፍሎች ግን ደካማ መሆኑን አሳይቷል። የብዙ አገሮችን የ15 ዓመት ተማሪዎች የሚያወዳድረው ፒሳ የተባለ ዓለም አቀፍ ምዘናም እ.ኤ.አ. በ2012 በሳምንት ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ የሚጨመረው ሰዓት በውጤት ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የማይባል መሆኑን አመልክቷል።

አገሮችም በየራሳቸው መንገድ ገደብ አበጅተዋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጽሑፍ የቤት ሥራ እንዳይሰጥ በመመሪያ ከልክላለች። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል የጽሑፍ የቤት ሥራን አስቀርታ፣ ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉት በአማካይ ከ60 ደቂቃ እንዳይበልጥ ደንግጋለች።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ቁጥሩ ጣሪያ ነው፤ መሙላት ያለበት ኮታ አይደለም። የ2ኛ ክፍል መምህር ለምሽቱ የሚጠቅም ነገር ከሌለው ምንም አለመስጠቱ ትክክል ነው። በላይኞቹ ክፍሎችም እንቅልፍን አስቡ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወጣቶች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ሕፃናት ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። የቤት ሥራው ከዚህ ላይ እየቀነሰ ከሆነ በማግስቱ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ያንቀላፋ ልጅ ነው።

ጣሪያው ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር አንድ አሠራር ጨምሩበት። ልጁ ከልቡ ሲሠራ ቆይቶ ጊዜው ካለቀ ይቆማል። ወላጅ በቆመበት ቦታ መስመር አስምሮ “ጊዜው አልቋል” ብሎ ይፈርማል። መምህሩ ስለ ቀረው ጥያቄ ልጁን አይቀጣም። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ደብተር ላይ ይህ መስመር ከታየ መምህሩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ሥራው በዝቷል ወይም ትምህርቱ ገና አልገባቸውም።

3. የመምህሩ ድርሻ

ይህ ክፍል ከወላጅና ከተማሪ በፊት ይጻፍ። ትምህርት ቤቱ ራሱን ሳያስገድድ ሌሎችን የሚያዝዝ ሰነድ ከበሬታ አያገኝም።

የቤት ሥራ በክፍል ውስጥ የተማሩትን ማጠንከሪያ እንጂ አዲስ ምዕራፍ መጀመሪያ አይደለም። መምህሩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ክፍል ውስጥ አብሯቸው ይጀምር፤ መካከለኛ ተማሪ ያለ ማንም እርዳታ ሁለተኛውን መጀመር ካልቻለ ሥራው ለቤት አልደረሰም። ትእዛዙ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ደወል ሲደወል እየተጮኸ የሚነገር የቤት ሥራ ለልጆቹ ግማሽ ያህሉን አይደርሳቸውም።

ከብዛት ይልቅ ቅንብር ላይ አተኩሩ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ ካሳየ ወዲህ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ፣ ተራርቆ ሲደገም ግን እንደሚጸና ይታወቃል። ስለዚህ ሃያ ተመሳሳይ የመደመር ጥያቄ ከመስጠት ሦስት ከዛሬው፣ ሁለት ካለፈው ሳምንት፣ አንድ ካለፈው ወር መስጠት ይሻላል።

እርማትን በተመለከተ፦ ሳይነበብ የሚደረግ የቀይ እስክሪብቶ ምልክት ከነጭራሹ አለማረም የከፋ ነው። ልጁ የተሳሳተውን ትክክል ነው ብሎ ይዞት ይሄዳል። ሁሉንም ደብተር በየቀኑ ማረም የማይቻል ከሆነ ተማሪዎቹ በሌላ ቀለም ራሳቸው እያረሙ መልሱን ክፍል ውስጥ መሥራት፣ መምህሩም በየተራ ጥቂት ደብተር ወስዶ በደንብ ማንበብ በቂ ነው። ሲያነብም ከቁጥር ይልቅ ቃል ይጻፍ። ተመራማሪዋ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ተማሪዎች በቀጣዩ ሥራቸው ሲሻሻሉ፣ ነጥብ ብቻ ወይም ነጥብና አስተያየት በአንድነት የተሰጣቸው ግን ያን ያህል አልተሻሻሉም። ነጥብ ካለ ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

4. የወላጅ እርዳታ የት ላይ ይቆማል?

አብዛኞቹ ሰነዶች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ምክንያቱም “ወላጆች ለልጆቻቸው ተገቢውን ድጋፍ ያደርጋሉ” ብለው ያልፋሉ። ይህ ዓረፍተ ነገር ለማንም ምንም አይነግረውም። አንዱ ወላጅ “ተገቢ” ሲባል ሥራውን ራሱ መሥራት ይመስለዋል፤ ሌላው በሩቁ “ጨረስክ?” ብሎ መጠየቅ።

አንድ ጥያቄ ወስደን በቅርብ እንየው። ልጁ 1/2 + 1/3 ስንት ነው ተብሎ ተጠይቋል። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ 2/5 ብሎ ጻፈ። እናቱ አየችው፤ ስህተት ነው። ደክማለች፣ መሽቷል፣ ልጇ ነገ ክፍል ውስጥ እንዲያፍር አትፈልግም። ላጲሱን ወሰደች፣ አጠፋችው፣ “5/6 ብለህ ጻፍ” አለችው። ደብተሩ ንጹሕ ሆነ። መምህሩ በማግስቱ አየ፤ ልጆቹ ገብቷቸዋል ብሎ ወደ ክፍልፋይ መቀነስ ተሻገረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በፈተናው ላይ ያው ልጅ 2/5 ብሎ ጻፈ።

የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ልብ በሉ። 2/5 የሚለው መልስ ለመምህሩ እጅግ ውድ መረጃ ነበር፤ ልጁ በምን መንገድ እንደተሳሳተ በትክክል ይናገራል። ላጲሱ ያጠፋው ያንን መልእክት ነው። የቤት ሥራ ወደ መምህሩ የሚመለሰው ለልጁ ያልገባውን ነገር ይዞ ነው፤ ቤት ውስጥ ተስተካክሎ ከሄደ መምህሩ ሊያርመው የሚገባውን ነገር አያገኘውም።

ታዲያ እናትየው ዝም ትበል? አይደለም። ክፍልፋይ የምታውቅ ከሆነ “2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ግማሽ ላይ ጨምረህ እንዴት ከግማሽ ያነሰ መጣ?” ብላ መጠየቅ ትችላለች። ይህ ጥያቄ መልሱን አይሰጥም፤ ልጁ ራሱ ሥራውን እንዲጠራጠር ያደርገዋል። ክፍልፋይ የማታውቅ፣ ወይም ማንበብና መጻፍ ያልተማረች ከሆነችም እኩል መርዳት ትችላለች፦ “ጥያቄው ምን እንደሚል በራስህ አነጋገር ንገረኝ”፣ “መምህሩ ክፍል ውስጥ የሠሩትን ምሳሌ አሳየኝ”፣ “የትኛው ጋ ነው የከበደህ?” እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሰነዱ ላይ ቃል በቃል ጻፏቸው። ሦስቱም ተጠይቀው ካልተፈታ ልጁ የደረሰበትን ትቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ድንበሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ካስፈለገ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦ እርሳሱ ከልጁ እጅ አይወጣም። ለአባት፣ ለታላቅ እህት፣ በክፍያ ለሚመጣ አስጠኚ፣ ፎቶ ሲነሣ መልስ ለሚሰጥ የስልክ መተግበሪያ፣ ሁሉንም ጽፎ ለሚያቀርብ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ይህ አንድ ደንብ ይሠራል። ስለ እያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ አንቀጽ መጻፍ ድካም ነው፤ መሣሪያው ነገ ይለወጣል።

ሂሳብ የሚያስፈራው ወላጅ በተለይ ይጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሂሳብ የሚያስጨንቃቸው ወላጆች በቤት ሥራ አዘውትረው ሲረዱ ልጆቹ በዓመቱ መጨረሻ ሂሳብ የተማሩት አነስተኛ፣ ጭንቀታቸውም የበዛ ሆኖ አግኝቶታል። ለእንዲህ ያለው ወላጅ ቦታና ጸጥታ ማዘጋጀት፣ ልጁ የሚጀምርበትን ሰዓት ማስከበር፣ ስልኩን ከክፍሉ ማውጣት ከበቂ በላይ እርዳታ ነው።

5. የተማሪው ድርሻ

አጭር ይሁን። የታዘዘውን መጻፍ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መጀመር፣ የጨረሰውን ማታውኑ ቦርሳው ውስጥ መክተት። ከጓደኛ ጋር መወያየት ይቻላል፤ መጻፉ ግን ለየብቻ ነው።

አንድ ነገር ብቻ በደንብ አስተምሯቸው፦ ሲከብድ ባዶ መተው የለም። ተማሪው የሞከረውን አሳይቶ “እስከዚህ ደርሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያልገባኝ ይህ ነው” ብሎ ከጻፈ ሥራው እንደተሠራ ይቆጠራል። ይህን ስትፈቅዱ ከጓደኛ መገልበጥ ትርጉሙን ያጣል፤ ልጁ የሚገለብጠው አለማወቁን የሚደብቅበት ሌላ መንገድ ሲያጣ ነውና።

6. ሳይሠራ ሲቀር

ዜሮ አትስጡ፤ ከእረፍት ሰዓት አትከልክሉ፤ የቤት ሥራንም በራሱ እንደ ቅጣት አትጠቀሙበት። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከቀረ የክፍል ኃላፊው መምህር ልጁን ለብቻው ያናግረው። ማታ ታናናሾቹን የሚጠብቅ፣ ብርሃን ወይም የሚቀመጥበት ቦታ የሌለው፣ ከትምህርት በኋላ የሚሠራ ልጅ በቅጣት አይለወጥም። ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤቱ ከመውጫ ሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ከፍቶ አንድ መምህር ቢመድብላቸው ብዙ ነገር ይቃናል። ቤት ውስጥ ማን እንደሠራው በእርግጠኝነት ለማይታወቅ ሥራ ከማጠቃለያ ውጤት ላይ ብዙ ነጥብ መመደብንም እቃወማለሁ፤ ጸጥ ያለ ቤትና የተማረ ወላጅ ላለው ልጅ ብቻ ያደላል።

7. ማጽደቅና መከለስ

ሰነዱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ወላጆች በሚናገሩት ቋንቋ ይጻፍ፤ በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ ይነበብ። ወረቀት ወደ ቤት ልኮ ፊርማ መሰብሰብ ብቻውን ስምምነት አይባልም። አራተኛው ነጥብ ላይ ወላጆች መከራከራቸው አይቀርም፤ የክፍልፋዩን ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ሠርታችሁ አሳዩአቸው።

ከአንድ መንፈቅ በኋላ የመጀመሪያውን የሰዓት ምዝገባ ድገሙት፣ በተቻለ መጠን በዚያው የክፍል ደረጃ። ከጣሪያው ያለፈ ክፍል ከተገኘ የዚያ ክፍል መምህራን በግድግዳው ወረቀት ፊት ተሰብስበው ማን ከየትኛው ቀን ላይ እንደሚቀንስ ይስማሙ። ጣሪያው ግን ከፍ አይበል።