ቴስቶስተሮን እየወሰድክ ኤስትሮጅን ከፍ ሲል ምን ታደርጋለህ?

ኤስትሮጅንህ ከፍ ብሏል ስለተባልክ ብቻ ወዲያው ወደ ሌላ መድኃኒት አትሩጥ። ከምትወጋው ቴስቶስተሮን የተወሰነውን አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም፣ በተለይ ስብ ውስጥ ያለው፣ ኢስትራዲዮል ወደሚባለው ዋናው የኤስትሮጅን ዓይነት ይቀይረዋል፤ እሱም ለአጥንትህም ለወሲብ ፍላጎትህም ያስፈልግሃል።

ከቁጥሩ ይልቅ ሰውነትህን እይ። የጡትህ ጫፍ ሸሚዝ ሲነካው ያምሃል? ከስሩ ጠጠር ያለ እብጠት አለ? ካልሲህ ቁርጭምጭሚትህ ላይ ጠልቆ ምልክት ይተዋል? እነዚህን ለሐኪምህ ንገር። እብጠቱ በአንድ ጡት ብቻ ከሆነ ወይም ፈሳሽ ካለው ደግሞ ቀን አትቁጠር፣ ቶሎ ታይ።

ለምርመራ ደም የምትሰጠው ሁሌም በተመሳሳይ ጊዜ ይሁን፣ ለምሳሌ ቀጣዩን መርፌ ከመወጋትህ በፊት፣ አለበለዚያ ውጤቶቹን ማወዳደር አትችልም። ዝቅተኛ መጠንን በትክክል የሚለካውን የኢስትራዲዮል ምርመራ ጠይቅ፤ ተራው በወንድ ላይ ሊሳሳት ይችላል።

መጀመሪያ የሚሞከረው፣ ከሐኪምህ ጋር ተነጋግረህ፣ የቴስቶስተሮኑን መጠን መቀነስ ወይም የሳምንቱን መርፌ ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ነው። ከዚያ 6 ሳምንት ያህል ታገስና እንደገና ተመርመር። ቦርጭ ካለህ እሱን መቀነስ በጣም ይረዳል።

አሮማቴዝን አግዶ ኤስትሮጅንን የሚያወርደውን መድኃኒት፣ አናስትሮዞልን ግን እባክህ ከጓደኛ ተቀብለህ እንዳትጀምር። ኤስትሮጅን ከልክ በላይ ሲወርድ መገጣጠሚያ ያማል፣ ፍላጎት ይጠፋል፣ ሲቆይም አጥንት ይሳሳል።